የፒክአፑ ጋቢና

ጋሼ መኪና ሲመጣላቸው መጀመሪያ ፊቱን አያዩም። ጎንበስ ይሉና አንድ ጉልበታቸውን ሲሚንቶው ላይ አስደግፈው ሆዱን ያዩታል። ባለመኪናው ስለ ቀለሙ፣ ስለ ወንበሩ ቆዳ፣ ስለ ቴፑ ድምፅ ሲያወራ እሳቸው ሻንሲውን በጥፍራቸው ጫር ጫር እያደረጉ «እህም» ይላሉ። ዝገቱ የላይ ላይ ይሁን ወይም የጠለቀ በጥፍር ይለዩት ነበር። ከተነሡ በኋላ ነው ሰላምታ የሚመጣው፤ ያኔ ታዲያ እጃቸው ቆሽሿልና የሚሰጡት ክንዳቸውን ነው።

ጋራዡ ከዳላስ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በጋርላንድ ነበር፤ ሐበሻ ተሰባስቦ ከሚኖርባቸው የቴክሳስ ከተሞች አንዷ ናት። ዘመኑ እ.ኤ.አ. የ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። እኔ ቀን ቀን ታክሲ እነዳለሁ፤ ማታ ማታና ቅዳሜ ጋሼ ዘንድ ሄጄ መፍቻ አቀብላለሁ። የሚከፍሉኝ የሚወራለት ገንዘብ አልነበረም፤ እኔም ለገንዘቡ ብዬ አልነበረም የምሄደው። አባቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር፤ ፊያት ኤን ትሬ ይነዳ ነበር። ናፍጣና ግራሶ በሚሸት ቤት ያደገ ሰው አሜሪካ መጥቶ ሁሉ ነገር ሳሙና ሳሙና ሲለው የሆነ ነገር ይጎድልበታል። ጉድለቴን የምሞላው እዚያ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ባለ ሰፊ ባርኔጣ ሰው መጣ። ፈረስ የሚያረባ፣ ድርቆሽ የሚሸጥ ገበሬ ነው። በተሳቢ ጭኖ ያመጣው ባለ አራት በር ፎርድ ኤፍ-350 ፒክአፕ ጋቢናው እንከን የለውም፤ ሻንሲው ግን ከኋላ ባሌስትራው መያዣ አጠገብ ተሰንጥቋል። ሌላም መኪና አለኝ አለ። ከሐራጅ የገዛው ኤፍ-700 ነው፤ በማዕበል ዛፍ ወድቆበት ጋቢናው እንደ ቂጣ ተዳምጧል፤ ከጋቢናው በታች ያለውን ግን ምንም አልነካውም። «ይሄን ጋቢና እዚያኛው ሻንሲ ላይ አውጡልኝ» ነው ጥያቄው። ከእኛ በፊት የሄደባቸው ጋራዦች ስቀው ሸኝተውታል። ጋሼ አልሳቁም። ሜትራቸውን ከኪሳቸው አወጡና ፒክአፑ ሥር ገቡ።

እዚያው ሥሩ ተኝተው «ለምን ፈለግኸው?» ሲሉ ጠየቁት።

ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። ፈረሶቹን ከኋላ አስከትሎ ወደ ኦክላሆማ ሲሄድ፣ አርባክል ተራሮች ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ቢረግጠው ቢረግጠው መኪናው አልያዝ አለው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ በመስኮት ገባ። ተሳቢው ከኋላው እየገፋው፣ እሱ መሪውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ፣ እስከ ሜዳው ድረስ የወረደው በእግዜር ቸርነት ነው። ሞተሩ አንድም ቀን አንሶት አያውቅም። ያነሰው መቆሚያው ነው። ጋሼ ከሥር ወጡና በአማርኛ «ይሄ ሰው ገብቶታል» አሉኝ። ሥራውን የተቀበሉት ያን ጊዜ ነው። ከፍ ብሎ ይታይልኝ ብሎ የመጣ ቢሆን ኖሮ እሳቸውም ክንዳቸውን ሰጥተው ይሸኙት እንደነበር አልጠራጠርም።

እኔም አባቴ ትዝ አለኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ ሁሉ ጣርማ በር ላይ ዋሻውን ያልፍና ወዲያው መሬቱ ይከዳዋል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። አባቴ ገና ዋሻው ሳይደርስ ማርሽ ቀንሶ፣ በሞተር እየያዘ፣ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ እያደረገ ነበር የሚወርደው። ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋበታል፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። በክረምት ዕረፍት አብሬው ስሄድ «ዳገቱን ሞተር ይወጣዋል፤ ቁልቁለቱን ግን ሾፌር ነው የሚወርደው» ይለኝ ነበር። የፒክአፕ ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ይህች ንግግሩ ትመጣብኛለች። ማስታወቂያው ስንት ቶን እንደሚጎትት ሲለፍፍ ነው የምሰማው፤ ያን ሁሉ ጎትቶ ስንት ሜትር ላይ እንደሚቆም ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

እንደ ገበሬው ያለው ባለ ጥንድ ጎማ ኤፍ-350 ከነጭነቱ እንዲመዝን የተፈቀደለት 10,000 ፓውንድ ግድም ነበር፤ አራት ቶን ተኩል ማለት ነው። ኤፍ-700ን የመሰለ መካከለኛ የጭነት መኪና ከዚያ ከእጥፍ በላይ ይፈቀድለታል። አሜሪካኖች መስመሩን ያሰመሩት 26,000 ፓውንድ ላይ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ለሥራ የሚነዳ ሰው የንግድ መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል። ነገሩን በዓይን ያየሁት ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ስናቆማቸው ነው። የሻንሲያቸውን ቁመት በእጄ ለካሁት። የፒክአፑ ስንዝር አይሞላም፤ የትልቁ ከስንዝር ይተርፋል። አክሱ፣ ባሌስትራው፣ የፍሬኑ ከበሮ ሁሉ በዚያው ልክ ነው።

ደግሞ የፒክአፕ ጋቢና ትልቅ ሻንሲ ላይ ማውጣት ሲሰሙት እብደት ይምሰል እንጂ ፎርድ ራሱ ሲሠራው የኖረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የኤፍ ዝርያ ሲወጣ ከትንሹ ኤፍ-1 እስከ ከባዱ ኤፍ-8 አንድ ቤተሰብ የሆነ ጋቢና ነበር የለበሱት፤ ፋብሪካው «የሚሊዮን ዶላር ጋቢና» እያለ አስተዋውቆታል። በ1980 ሞዴል የመጣው የፒክአፕ ጋቢናም እንዲሁ ኤፍ-600፣ ኤፍ-700 እና ኤፍ-800 ላይ ወጥቶ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ዘልቋል። የገበሬው ሁለት መኪኖች የዚሁ ዘር ናቸው። «ታዲያ አንድ ከሆኑ ምን ችግር አለው? አንሥቶ መጫን ነው» አለ። ጋሼ «እሱን ስንደርስ ታየዋለህ» ብለው ዝም አሉ።

ጋሼ ሥራ የጀመሩት በልጅነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ኢትዮጵያ መንገዷን ከግራ ወደ ቀኝ ባዞረችበት በሰኔ 1956 ዓ.ም. ሰሞን። የአውቶቡሶቹ በር በግራ ጎን ነበር፤ ትራፊኩ ቀኝ ሲይዝ ተሳፋሪው አስፋልት መሀል ሊወርድ ሆነ። እሳቸው የገቡበት ጋራዥ የግራውን በር እየደፈነ፣ በቀኝ ሌላ እየቀደደ ከረመ። ላሜራ መያዝ፣ ሪቬት ማቀበል የተማሩት እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ሞተርና ጎማ ብቻ ይዞ በመጣ ሻንሲ ላይ እንጨትና ላሜራ እየገጠሙ አውቶቡስ ሲያለብሱ ኖሩ። በአይሱዙ የጭነት ሻንሲ ላይ የሚሠራውን ቅጥቅጥ የተሳፈረ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ እኛ አገር መኪና ዕራቁቱን መጥቶ እዚያው መልበሱ ብርቅ አይደለም። ጋርላንድ ውስጥ ሥራችንን ቆም ብሎ ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀን «ሕጋዊ ነው?» ብሎ ነበር። አዲስ አበባ ቢሆን ጥያቄው «ስንት ኩንታል ያነሣል?» ነው።

ሕጋዊነቱ ላይ ግን ጋሼ ቀልድ አያውቁም። በአሜሪካ ከ1981 ሞዴል ወዲህ የመኪና መለያ ቁጥር 17 ፊደልና አሃዝ ነው፤ በፓራብሬዛው ግርጌ፣ በሾፌሩ በኩል፣ ከውጭ እንዲነበብ ሆኖ ይቀመጣል። ጋቢና ሲዛወር ያ ቁጥር አብሮ ይዛወራል፤ ሻንሲው ላይ የተመታው ሌላ ነው። ገበሬው «ሁለት ሪቬት አይደል፤ ነቅለን የዚያኛውን ብንለጥፈውስ?» ሲል ጋሼ መፍቻውን መሬት አስቀመጡ። ያን ቁጥር እንዲያው በዘፈቀደ መንቀልና መቀያየር በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። የሚመለከተው ባለሥልጣን መጥቶ የሁለቱንም ወረቀት አስተያይቶ እስኪፈቅድ ድረስ ጋቢናው በፓራንኮ ተንጠልጥሎ ሰነበተ። «ስደተኛ ነኝ። በሰው አገር የመኪና ሌባ አልባልም» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ አላነሡም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ልምጣ።

ባለ አራት በሩ ጋቢና ከባለ ሁለት በሩ ወደ 90 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ያ 90 ሴንቲሜትር የሚቀነሰው ከጭነቱ ቦታ ላይ ነው። ጋሼ ከጋቢናው ጀርባ እስከ ኋላው አክስ መሀል ያለውን ርቀት ለኩ፣ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፉ፣ ደግመው ለኩ። የፈረሶቹ ተሳቢ ክብደት የሚያርፈው እዚያ አካባቢ ነው፤ ከአክሱ ወደ ኋላ ከወደቀ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው አልታዘዝ ይላል። ከጋቢናው ጀርባ የተደረደሩት የንፋስ ጋኖች፣ ባትሪውና ወደ ላይ የሚያጨሰው ማርሚታ ሁሉም ወንበር መቀየር ነበረባቸው። ኮፈኑና ፓራፋንጎው የትልቁ ሆኖ ቀረ። የገበሬው «አንሥቶ መጫን» የቆመው በሞተሩና በሾፌሩ እግር መካከል ያለችው የላሜራ ግድግዳ ላይ ነው፤ የመሪው ዘንግ፣ የፍሪሲዮኑ ፔዳል፣ የንፋስ ፍሬኑ መርገጫ የሚያልፉበት ቀዳዳ በትንሹና በትልቁ አንድ ቦታ አይደለም። የተጨፈለቀውን ጋቢና ግድግዳ በካርቶን ገልብጠን፣ ቀዳዳውን ከካርቶኑ እያየን ቆረጥን።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ጊዜ የበላው ግን ዓይን የማያየው ነገር ነው። የጭነት መኪና ሻንሲ እንዲጠማዘዝ ሆኖ ነው የሚሠራው። ሁለት ረጃጅም ብረቶችና እነሱን የሚያያይዙ አግዳሚዎች ናቸው፤ አንዱ የፊት ጎማ ጉብታ ሲወጣ፣ በሰያፍ ያለው የኋላ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ብረቱ ይጠመዘዛል፤ አልጠመዘዝም ካለ ይሰነጠቃል። ጋቢና ደግሞ ሳጥን ነው፤ ከሻንሲው ጋር ልጠማዘዝ ቢል ፓራብሬዛው ይሰነጠቃል፣ በሩ አልዘጋ ይላል፣ የወለሉ ብየዳ ይፈታል። ስለዚህ ሁለቱ እንዲያያዙም፣ እንዳይያያዙም ማድረግ ነው ሥራው። ይህን የምትችለው በመካከላቸው ያለችው ጎሚኒ ናት። ጋሼ እነዚያን ጎሚኒዎች በአውራ ጣታቸው ይጫኗቸዋል፣ ያሸቷቸዋል፣ በጥርሳቸው ሊነክሷቸው ምንም አይቀራቸውም። ጠንከር ካለች ሻንሲው ጋቢናውን ይዞ ይጠማዘዛል፤ ከላላች ጋቢናው በየጉብታው ይዘላል።

ለረዘመው ጋቢና አዲስ የኋላ እግር ሲሠሩ ሻንሲውን ብየዳ አላስነኩትም። የከባድ መኪና ሻንሲ ብዙ ጊዜ በሙቀት የተጠናከረ ብረት ነው፤ የብየዳ እሳት ያረፈበት ቦታ ያን ጥንካሬውን ያጣል። ቀዳዳም ከጎን ግድግዳው ላይ እንጂ ከላይና ከታች ካለው ከንፈሩ ላይ አይበሳም፤ ትልቁ ጫና ያለው ከንፈሩ ላይ ነውና። ስለዚህ እግሩ በቡሎን ነው የታሠረው፤ ቡሎኑንም እሳቸው ራሱን ሳያዩ አያስገቡም። አሜሪካ ውስጥ የቡሎን ራስ ላይ ሦስት ሰረዝ ካለ ግሬድ 5 ነው፤ ስድስት ካለ ግሬድ 8። ባልዲው ውስጥ ባለ ሦስት ሰረዝ ከተገኘ ምንም ሳይናገሩ በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ ይወረውሩታል። የጋራዡ የኋላ ግድግዳ ቆርቆሮ ከታች በኩል ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

መሪውም የዚሁ ጣጣ ተካፋይ ነው። የመሪው ሳጥን ሻንሲው ላይ ነው፤ መሪው ራሱ ጋቢናው ውስጥ። ጋቢናው በጎሚኒ ላይ ሲወዛወዝ መሪው በራሱ እንዳይዞር በመካከላቸው ያለው ዘንግ ሁለት ክሮቼራ ይኖረዋል፤ የሚረዝምና የሚያጥር መንሸራተቻም ያስፈልገዋል።

ከዚያ ሙከራው መጣ። የጋሼ መሣሪያ ጧፍ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የተረፈ ጧፍ ሰሙን በጣታቸው እያሹ፣ ባቄላ እያሳከሉ፣ በጋቢናው ወለልና በሻንሲው መካከል ጠባብ በሆነው ቦታ ሁሉ ለጠፉ። የቴክሳስ ሐምሌ ሰሙን ማንም ሳይነካው ስለሚያቀልጠው በንጋት ነው የተነሣነው። የግራውን የፊት ጎማና የቀኙን የኋላ ጎማ ወፍራም እንጨት ላይ አወጣናቸው። ሻንሲው ሲጥ ሲጥ እያለ ተጠማዘዘ፤ ጋቢናው ግን ቀጥ እንዳለ ቀረ፤ አራቱንም በር ከፍቼ ዘጋሁ፣ ሁሉም ገጠሙ። መልሰን ሜዳ ላይ አወረድነውና ጋሼ ባትሪ ይዘው ገቡ። ከካምቢዮው ሽፋን አጠገብ ያለችው አንዲት ሰም ብቻ ድፍጥጥ ብላለች፤ ብረት ከብረት የተሳሳመው እዚያ ነው። በጥፍራቸው ፍቀው አወጧትና ለገበሬው በመዳፋቸው አሳዩት፤ «ዛሬ ሰሟን ነው የደፈጠጣት፤ ቆይቶ ወለልህን ይበሳዋል።» ገበሬው ሰሟን አንሥቶ አሸተታትና «ማር ማር ትላለች» አለ። ጋሼ የቤተ ክርስቲያን መሆኗን ሲነግሩት ባርኔጣውን አወለቀ።

ስለ ኤሌክትሪኩ ባላወራ ይሻለኛል። የአንዱ መኪና ሽቦ ቀለም ከሌላው የማይገጥም፣ ፍሬቻ ሲበራ መጥረጊያው የሚነሣበት፣ ትዝታ የማይባል ጊዜ ነው።

ፍሬኑ ግን ያስደስታል። ፒክአፕ በዘይት ነው የሚቆመው፤ ይሄኛው በንፋስ። ኮምፕረሰሩ ጋኖቹን ይሞላል፤ መለኪያው 120 ፒኤስአይ ገደማ ሲደርስ መሙላቱን ያቆማል፤ ወደ 60 ሲወርድ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። የፒክአፑ ክሩስኮት ላይ የንፋስ መለኪያ ቦታ የለም፤ የሬዲዮውን ቦታ ለቀቅንለት። ገበሬው ስለ ሬዲዮው ትንሽ ተከዘ። ብዙ ሰው ንፋሱ ካለቀ መኪናው ፍሬን አልባ ይሆናል ብሎ ይፈራል፤ ማቆሚያው ግን ተገላቢጦሽ ነው የሚሠራው። ጎማውን የሚይዘው ኃይለኛ ስፕሪንግ ነው፤ ንፋሱ ደግሞ ስፕሪንጉን ጨምቆ የሚያስለቅቅ። ንፋሱ ሲያልቅ ስፕሪንጉ ይዘረጋና ይይዛል። ጋሼ ይህን በአፍ አላስረዱትም። ሰውየውን መሪው ላይ አስቀምጠው ጋኖቹን አስተነፈሱና «በል ንዳ» አሉት። ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፤ መኪናው አንዴ ተንቀጥቅጦ ሞተሩ ጠፋ። እንደገና አስነሣ፤ እንደገና ጠፋ። ሦስተኛውን አልሞከረም፤ መሪውን በመዳፉ እየመታ ይስቅ ጀመር።

ሲያልቅ መልኩ እንደየሰዉ ነው። ሰፊ ፓራፋንጎ መሀል የታወቀው የፒክአፕ ጋቢና ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ልጆቹ ለመውጣት ሁለት ደረጃ አስፈለጋቸው። አንድ ሐበሻ ደንበኛ አይቶት «ይሄ ነገር ፎቶ ላይ የተቀጠለ ይመስላል» አለ። እኔ ወደድኩት። ፒክአፕን አግዝፈው፣ ጎማውን ከጭንቅላት በላይ አስረዝመው፣ ፍሬኑን ግን እንደነበረ ትተው የሚሄዱ መኪኖች በሞሉበት አገር፣ ይሄኛው መጀመሪያ የተለወጠው ከሥር ነው።

ገበሬው ከኦክላሆማ ደወለ። አርባክል ላይ ያችው ቁልቁለት መሀል ሲደርስ ዳር ይዞ፣ ሆን ብሎ መኪናውን አቁሞት ነበር። ፈረሶቹ ከኋላ፣ ልጆቹ በኋላ ወንበር፣ ቁልቁለቱ ላይ ቀጥ። ልጆቹ ለምን እንደቆሙ ሲጠይቁት መልስ አጣሁ አለ። ጋሼ ስልኩን በጆሯቸውና በትከሻቸው መካከል ይዘው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ጎሚኒውን በየጊዜው እይ፤ ጋኖቹ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃም አፍስስ» ብለውት ዘጉ።

ፎርድ ከ2000 ሞዴል ጀምሮ የሱፐር ዲዩቲ ፒክአፑን ጋቢና ኤፍ-650 እና ኤፍ-750 ላይ እያወጣ መሸጥ ጀምሮ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ በመኪና መሸጫው በር ሳልፍ አሳየኋቸው። ጋሼ አቁም አሉኝ። ነጠላቸውን አውልቀው አስያዙኝና፣ በዚያ ነጭ ልብሳቸው አንድ ጉልበታቸውን አስፋልቱ ላይ አስደግፈው ገቡ። «ጎሚኒው ደህና ነው። ቡሎኑ 10.9 ይላል። ጥሩ ነው የሠሩት» የሚለው ድምፃቸው ከሥር ይሰማኛል።

ከረባት ያሠረ ሻጭ እየሮጠ መጣ፤ ምን ልርዳችሁ አለ። ጋሼ ተነሡና ክንዳቸውን ሰጡት። «አንዱን ጎማ እዚያ ጠርዝ ላይ ታወጣልኛለህ? ሲጠማዘዝ ላየው ነው።»

ሻጩ እኔን አየኝ። ያለ አለቃው ፈቃድ አልችልም አለ።

«እሺ፣ ዋጋውን ንገረኝ።»

ነገራቸው። ጋሼ ነጠላቸውን ከእጄ ተቀብለው አራገፉና ወደ እኔ ዞረው «የኛ ሰውዬ በዚህ ብር ስንት ፈረስ ይገዛ ነበር?» አሉኝ።